የጎልሻት ናሙና

ሚንስሉ ያደገችው ሩሲያ ውስጥ፣ በኡራል፣ ከላይ ያለው ፋብሪካ መርዙን በለቀቀበት ወንዝ ዳር፣ በታታሮች መንደር ነው። ኬሚስትሪ ተምራ ከተማ ላቦራቶሪ ተቀጠረች። የወንዝ ዳር ሰዎችን ሽንት ታደርቃለች፤ ነጭ አመድ እስኪሆን ታቃጥለዋለች፤ አመዱን በአሲድ አሟሙታ ስትሮንቲየም የሚባለውን፣ ጨረር የሚረጨውን ንጥረ ነገር ለብቻው ትለያለች። አጥንት ውስጥ የሚሸሸግ ክፉ ነገር ነው።

አንድ መኸር ታላቅ እህቷ ጎልሻት ልትመረመር እያነከሰች ላቦራቶሪው መጣች። እናታቸው ከሞተች ወዲህ ሚንስሉን ያሳደገቻት እሷ ናት።

«እግሬ ከዳኝ» አለች። «ያ አውራ ዝይ እንኳ ናቀኝ፤ ሳባርረው ዞሮ ይነክሰኛል!»

ሚንስሉ የእህቷን የሽንት ናሙና ለማንም አልሰጠችም፤ ራሷ ሠራችው። የመጨረሻውን ነጭ ዝቃጭ የጨረር ቆጣሪው ሥር ስታስገባ መሣሪያው ያለ ፋታ ይንጣጣ ጀመር። ዕቃው ቆሽሾ ይሆናል ብላ ሁሉንም አጥባ በሌላ የእህቷ ናሙና ደገመችው። ያው ነው።

«ደም ማነስ ነው በያት» አለ አለቃዋ፣ ዓይኗን ሳያይ። «ሌላ ቃል እንዳይወጣሽ። ምስጢር ልትጠብቂ ፈርመሻል።»

እህቷን ልትሸኝ አውቶቡስ ፌርማታው ላይ ስትቆም ግን መዋሸት አቃታት። በሹክሹክታ ሁሉንም ነገረቻት።

ጎልሻት ጉልበቷን እያሻሸች ሰማቻት። «ከሽንቴ ለይተሽ አወጣሽው?»

«አዎ፣ አፓ» አለች፤ በታታርኛ ታላቅ እህት የምትጠራው እንዲህ ነው።

«ጎበዝ! እንግዲያው ከጉልበቴም አውጪልኛ።»

«እሱማ በእሳት አቃጥዬ፣ በአሲድ አሟሙቼ እኮ ነው...»

«በይ ተዪው!» ጎልሻት ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቆረጠ። «ታዲያ ይሄን ሁሉ ዓመት የተማርሽው ለምኑ ነው፣ የኔ ነፍስ?»

ሚንስሉ የእህቷን የራስ መሸፈኛ አስተካክላ አሰረችላት። አውቶቡሱ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ በየዕረፍቷ መንደር እየወረደች ከወንዙ ርቆ ካለ ጉድጓድ ንጹሕ ውሃ ትቀዳላት ነበር። የጎልሻት ላም ግን ገመዷን በጥሳ ከወንዙ ልትጠጣ ትወርዳለች፤ ጎልሻትም ወተቷን ትጠጣለች። «ታዲያ ምን ልጠጣ?» ትላለች።

ጎልሻት በረዶው ሳይቀልጥ አረፈች። ከሆስፒታሉ አንድ ሰው መጥቶ ለምርመራ ቁራጭ አጥንት ጠየቀ። ሬሳውን ስታጥብ የነበረችው ሚንስሉ እጇ ውሃ እንዳንጠባጠበ ወጥታ በሩ ላይ ቆመች።

«ከእሷ የሚወሰድ የለም» አለችው።

ሰውየው ሄደ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ስትገባ የሌሎች ሰዎች የሽንት ጠርሙሶች ጠረጴዛዋ ላይ ተደርድረው ጠበቋት። ማቃጠያ ምድጃውን ለኮሰች።