ሳልባትዮው ላይ የነበረው ስሜ

የቀለም ማቅጠኛ አኳራጅ በድሬዳዋ ሙቀት ሲከፈት ሽታው አፍንጫ ላይ አይቀርም፣ አንጎል ድረስ ይዘልቃል፤ ለዚህም ነው ዛሬ ጠዋት ሳቢያን ሰፈር ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ተቀምጬ፣ የአባቴን አሮጌ ሞተር ሳይክል የቤንዚን ሳልባትዮ ጭኔ ላይ አጋድሜ፣ ሲጋራዬን ከንፈሬ ላይ ሰክቼ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ ያየሁት ነገር መጀመሪያ የሽታው ሥራ የመሰለኝ። ልጄ ሄለን ኢንዱስትሪ ፓርክ ሥራ ከገባች ወዲህ ባጃጅ መጠበቅ ስላንገፈገፋት «ሞተሯን እኔ እነዳታለሁ፣ አንተ ብቻ ቀይ ቀባልኝ» ብላኝ ነው የጀመርኩት። ጥቁሩ ተላጠ፤ እሱ እኔ የቀባሁት ነው። ከሥሩ ሰማያዊው መጣ፤ እሱ የአባቴ ነው። ሰማያዊው ሲሳሳ ደግሞ አረንጓዴ መደብ ላይ በነጭ የተጻፈ ፊደል ብቅ አለ። ማንበብ የተማርኩት በአርባ ሁለት ዓመቴ ስለሆነ እስከ ዛሬ ጽሑፍ የምከተለው በጣቴ ነው፤ በጣቴ ተከተልኩት። «ማጨስ ክልክል ነው» ይላል።

አባቴ ግን ይሄ ጽሑፍ የኔ ስም ነው ብሎኝ ነበር።

ያኔ፣ ልጅ ሳለሁ፣ የምንኖረው ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ነው፤ አባቴ ፉርጎ አጣቢ ነበር። ሞተሯን ከከዚራ ሰፈር አንድ አገሩ የሚገባ ግሪክ ትቶለት ሲሄድ እናቴ እልል አለች፣ እኔ ደግሞ ሰው ሁሉ እንዲያየኝ ስል ሳልባትዮው ላይ ፊት ለፊት እየተፈናጠጥኩ፣ ብረቱ ጭኔን እየጠበሰኝ፣ በከዚራ ዛፎች ጥላ ሥር ስንከንፍ ቤንዚኑ ከሥሬ ሲንቦጫረቅ እየሰማሁ ንጉሥ የሆንኩ ይመስለኝ ነበር። አንድ እሑድ አባቴ ሳልባትዮውን ፈትቶ በረንዳችን ላይ አረንጓዴ ቀባው። ሲደርቅ ከኪሱ የሲጋራ ፓኮ አወጣ፤ ጀርባው ላይ በእርሳስ የተገለበጡ ፊደላት ነበሩበት። ከፍየል ፀጉር በሠራት ቀጭን ብሩሽ፣ ምላሱን ወደ ጉንጩ ወትፎ፣ ላቡ በአገጩ ላይ እየተንጠባጠበ እነዚያን ሦስት ቃላት ሲጽፍ ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ እኔን ጠርቶ በጣቱ እያሳየ «መጀመሪያው አንተ፣ መሃሉ እኔ፣ መጨረሻው አያትህ» አለኝ። አባቴ ፊደል እንደማይቆጥር አውቃለሁ፤ ግን የገዛ ልጁን ስም ይስታል ብዬ እንዴት ልጠርጥር?

እኔ ስሜን በአንድ ሳምንት ለቀምኩት። የደቻቱ ወንዝ ደርቆ አሸዋው ሲያበራ በጣቴ ጻፍኩት፣ የጎረቤት በር ላይ በከሰል ጻፍኩት፣ አንድ ቀን ደግሞ በፍሬ ሲጋራ የሚሸጠው ባለሱቅ፣ አው ሙሜ፣ አዲስ የቀባው ነጭ ግድግዳ ላይ ቁመቴን ያህል አድርጌ ጻፍኩት። ጆሮዬን ይዞ አነሳኝ።

«ዋርያ! እኔ ሲጋራ ሸጬ ልጆቼን እንዳላበላ ማነው የላከህ?»

«ስሜ ነው!» አልኩት እያለቀስኩ።

ጆሮዬን ለቆ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «አቦ ይሄንን ልጅ ፀሐይ መቶታል» ብሎ ከረሜላ ሰጥቶ ሰደደኝ። ስለ ሲጋራ ለምን እንዳወራ አልገባኝም፤ ከረሜላው ግን ስሜን በማወቄ የተሰጠኝ ሽልማት መሰለኝ። ሞተሯን ያየ ማንበብ የሚችል ሰው ሁሉ ዝም ያለው ደግሞ ክፉ ሆኖ አይደለም፤ ቤንዚን ላይ ማጨስ ክልክል ነው ተብሎ ቢጻፍ ማን ይገርመዋል?

ጉዳቱ የመጣው በኋላ ነው። እናቴ «ልጁ ትምህርት ቤት ይግባ» ስትል አባቴ «ስሙን ጽፎ የለም እንዴ? እኔ እሱንም አልችል» አለ፤ በዚያው ባልዲና ጨርቅ ይዤ ተከተልኩት፤ እሱ የፉርጎውን ውስጥ፣ እኔ ውጩን እናጥብ ነበር፣ እኩዮቼ ደብተር ይዘው ሲያልፉም እኔ ስሜን የጨረስኩ ሰው ነኝ ብዬ አላፈርኩም። አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ላይ ፋብሪካ ልቀጠር ሄድኩ፤ ጸሐፊው ቅጹን ገፋ አድርጎልኝ «ጣት ነው ፊርማ?» አለኝ፣ እኔም ደረቴን ነፍቼ እስክሪብቶ ተቀበልኩና ሦስቱንም ቃላት ጻፍኩለት። አነበበና ሰልፈኛው ሁሉ እንዲሰማ «ወንድሜ፣ የማጨሱን ነገር ተወውና ስምህን ጻፍ» አለኝ። ሰልፉ በሳቅ ፈረሰ። እኔ እጄ ስሜን አበላሽቶት ጸሐፊው የቀለደብኝ መሰለኝ። እኔ ያኔ ሲጋራ በአፌ ዞሮ አያውቅም። ጣቴን ቀለም ነክሬ ወጣሁ፤ ማጨስ የጀመርኩት ያን ዕለት ከሰዓት ነው።

ማታ ለአባቴ የሆነውን ነገርኩት። ሻዩን ጨልጦ ተነሳ። በማግስቱ ከሥራ ስመለስ ሳልባትዮው ሰማያዊ ሆኖ ጠበቀኝ።

«ስሜን ለምን አጠፋኸው?»

«ዝጎ ነበር» አለኝ።

ሌላ ቃል አልተነጋገርንበትም፤ ከዚያ ሞተ። ጎልማሶች በሚማሩበት ክፍል መምህሯ ስሜን ደረጀ አስፋው ብላ ስታጽፈኝ ፊደሉ ከለመድኩት ቢለይብኝም፣ የድሮውን የልጅነት እጄ አበላሽቶት ነው ብዬ አለፍኩት። አሁን ግን ይኸው ጭኔ ላይ ተጋድሟል፣ እጄም አላበላሸውም። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ በየፉርጎው ውስጥ ይሄንኑ ሰሌዳ ሲወለውል የኖረ ሰው ነው፤ ምን እንደሚል አንድ ቀን እንኳ ማንም ሳይነግረው ይቀራል? ወይስ ሰሌዳ ላይ ፊደል ማማሩን ብቻ አይቶ፣ ለልጁ የሚያምር ነገር ሰጠ? ወይስ የልጄን ስም ጻፍልኝ ብሎ የለመነው ሰው ቀለደበት? አንዱን ሳምን ሌላው ይመጣብኛል። ልቆጣ እልና የቱ ላይ እንደምቆጣ ይጠፋኛል።

ሄለን ሻይ ይዛ ወጣች፤ ጎንበስ ብላ አነበበች።

«አባ፣ ይሄማ እንዳይጠፋ! ልክ ነው የተጻፈው። አንተ ደግሞ አጠገቡ ታጨሳለህ!»

«ስሜ ነው» አልኳት።

«አቦ አባ፣ ፀሐይ መታህ» ብላ ሳቀች።

ዛሬ ስሜን ሳልሳሳት እጽፋለሁ፤ መታወቂያዬ ላይ፣ የቀበሌ ቅጽ ላይ፣ የእድር መዝገብ ላይ ጽፌዋለሁ። ግን በደቻቱ አሸዋ ላይ እንደጻፍኩት፣ ወንዙ እስኪሞላና እስኪወስደው ቆሜ እንዳየሁት አድርጌ አንድም ቀን ጽፌው አላውቅም። ቀዩን ቀለም ከፈትኩና ዙሪያውን ቀባሁ፤ ፊደላቱ ጋ ስደርስ ብሩሹን አዞርኩት። ይቅር ብሎት ነው እንዳትሉኝ፣ አላልኩትም። አባቴ በሕይወቱ የጻፈው ይሄንን ብቻ ነው፣ እኔም ያነበብኩለት ዛሬ ነው። ሲጋራዬን ከከንፈሬ አውርጄ ግቢው አሸዋ ላይ ረገጥኩት።