መምህሩ ወንበሩ ላይ ይቀራል

ዛሬ ሞጣ፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ ውስጥ አንድ መሪጌታ መርፌውን ሲያዩ ብድግ አሉ።

ልጃቸው ወልዳ ደም ፈሷታል። ከቤተሰቡ የሚስማማት የእሳቸው ደም ብቻ ነው።

«ብሰጣት ደስ ይለኛል። ግን የወጣ ደም በምን ይተካል?» አሉኝ።

ዳሌዬን እያሳየሁ፣ «እዚህ አጥንት መቅኔ ውስጥ ግንድ ሕዋስ የሚባል አለ» አልኳቸው። «ከእሱ ቀይ የደም ሕዋስ ይወጣል፤ በሽታ የሚዋጋው ነጩም፣ ደም የሚያረጋውም ከእሱ ነው።»

ትንሽ አሰቡ። «ከአንድ ጉባኤ ቤት ቄሱም፣ ዲያቆኑም፣ የቅኔ መምህሩም እንደሚወጣ በለኛ! ያስተማራቸው መምህርስ?»

«ወንበሩ ላይ ይቀራል፣ አባ። ግንድ ሕዋሱም እንደዚያው አያልቅም።»

እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። (አራት ዓመት የተማርኩትን በአንድ ትንፋሽ ጨረሱት!)

አሁን ልጅቷ ዓይኗን ገልጣ ሕፃኑን አቅፋለች። መሪጌታ ደግሞ «መቼ ልድገም?» እያሉኝ ነው።

እናንተስ ደም ለመስጠት የፈራ ሰው አግባብታችሁ ታውቃላችሁ? ምን ብላችሁ?