በማስመሪያ የተሰመረ ቀን

ከባለቤቴ ከጀማል ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን የሠራነው ነገር የልጆች የትምህርት ፕሮግራም ነው። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ነበር። የብስኩት ካርቶን ቀደድን፤ እሱ ማስመሪያውን ያዘ፣ እኔ በእስክሪብቶ አሰመርኩ። ኢምራን ስድስት፣ ሐናን አራት ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤት የሚገቡት በሚቀጥለው ዓመት ስለሆነ እስከዚያ ቤት ውስጥ ፊደልና ቁጥር እናስጀምራቸው ብለን ነበር። «ሶማሊኛውንም እንግሊዝኛውንም ሀርጌሳ ይሰጣቸዋል፤ አማርኛውን ግን ከእኔና ከአንቺ በቀር ማን ይሰጣቸዋል?» አለ። እኔ ቀኑ በየግማሽ ሰዓቱ ይከፈል አልኩ። «አንቺ ሴትዮ፣ ልጆች ናቸው እኮ፤ ኮንቴይነር አደረግሻቸው!» ብሎ ሳቀብኝ። በመጨረሻ እኔ እንዳልኩት ሆነ። ሐሙስ ንጋት ላይ የጭነት መኪናውን አስነስቶ ወደ በርበራ ሄደ። ቅዳሜ አስከሬኑ መጣ። ወደብ ላይ ተራ ሲጠብቅ መሪው ላይ ተደፍቶ ነው ያገኙት፤ ልቡ ነው አሉ። ስለ እሱ ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

ባል የሞተባት ሴት የምትቀመጠው ዒዳ ገባሁ። አራት ወር ከአሥር ቀን ቤት መቀመጥ ማለት፣ ሁለት ልጆች ይዞ በአንድ ክፍልና በአንዲት በረንዳ ላይ መኖር ማለት ነው። የሐዘን ቀናት አልፈው ሰው ሲቀንስ፣ ካርቶኑን ግድግዳው ላይ ለጠፍኩና ፕሮግራሙን ጀመርኩ። የመጨረሻ ሥራችን ነውና አንዲት መስመር እንድትዛነፍ አልፈለግሁም።

ሁለት ሰዓት ፊደል ይላል። ሁለት ሰዓት ላይ ውሃ የሚያመጣው የአህያ ጋሪ በር ላይ ይቆማል፤ ኢምራን እርሳሱን ወርውሮ አህያዋን ሊያይ ይሮጣል። ሁለት ተኩል ቁጥር ይላል። ሐናን ሽንት ቤት ናት። ሦስት ሰዓት ሥዕል ይላል፤ ለቅሶ ያልደረሱ ሴቶች የሚመጡት ደግሞ ያኔ ነው። ተቀምጠው ያለቅሳሉ፣ አለቅሳለሁ፤ ሲወጡ ሥዕሉ ካርቶኑ ላይ ብቻ ቀርቷል። መጮህ ጀመርኩ። «ፕሮግራም ፕሮግራም ነው!» እላለሁ። አፌ የራሴ አልመስል አለኝ። ኢምራን «ሀ ሁ»ን እያለቀሰ ይል ጀመር፤ ደብተር ሲያይ ሆዴን አመመኝ ይላል። ልጄን ፊደል እያስጠላሁት እንደሆነ እያየሁ ማቆም አቃተኝ።

አከራያችን፣ እንደ አክስት ኤዶ የምንላቸው ሆዳን፣ በልጅነታቸው ጅግጅጋ ስላደጉ አማርኛቸው ከእኔ ይፈጥናል። አንድ ቀን መነጽራቸውን አድርገው ካርቶኑ ፊት ቆሙ።

«ይኼ የአየር ማረፊያው ሰሌዳ ነው እንዴ? የሐናን በረራ ስንት ሰዓት ነው?»

«ኤዶ፣ እባክዎ፣ አሁን የፊደል ሰዓት ነው።»

«ልጅቷ ተኝታለች እኮ! ወላሂ፣ ለተኛ ሰው ስታስተምሪ ነው ያገኘሁሽ።»

ዞር ስል ሐናን እውነትም ደብተሯ ላይ ተኝታለች። ሳቅ መጣብኝ፤ ወዲያው ተናደድኩ። እሳቸው ከሄዱ በኋላ እዚያው እንደተቀመጥኩ አክስቴ አዴ ነፊሳ ትዝ አሉኝ።

ልጅ እያለሁ፣ ሰባት ዓመት ሲሆነኝ ድሬዳዋ ከጎረቤት የዘይቱን ዛፍ ወድቄ እግሬ ተሰበረ። ወጌሻው በቀርከሃ አስሮ «ሁለት ወር መሬት እንዳትረግጥ» አለ። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። እናቴ ገበያ ውላ ነው የምትመጣው፤ አባቴ ባቡር ጣቢያ ይሠራል። ባቡር ጣቢያ የሚሠራ ሰው ሰዓት እንደሚወድ የእኔ ዘመን ድሬዎች ታውቃላችሁ። ልጄ ከክፍል እንዳትቀር ብሎ በቀይና በሰማያዊ ቀለም ፕሮግራም ጻፈ። እያንዳንዱ ትምህርት አርባ ደቂቃ፣ ዕረፍት አምስት ደቂቃ። አስፈጻሚ አድርጎ የሾመው ታላቅ እህቱን አዴ ነፊሳን ነው። ቀለም ያልቆጠሩ መሆናቸውን እሱም ያውቃል፤ ነገር ግን ሰዓት ማየት ይችላሉ፣ ይበቃል አለ።

አዴ ነፊሳ ሺቲ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ እጃቸውን ወገባቸው ላይ አድርገው ወረቀቱን በጥሞና አዩት። አባቴ በሩን እንደወጣ አወረዱትና ያራግቡኝ ጀመር። «ለዝንብ ጥሩ ነው» አሉ።

የድሬን ሙቀት የሚያውቅ ያውቀዋል። ጠዋት ከግቢያችን የኒም ዛፍ በስተምዕራብ ያለው ጥላ እኩለ ቀን ላይ ግንዱ ሥር ይገባል፤ ከሰዓት ደግሞ ወዲያ ማዶ ይወጣል። እኔ የምተኛበት የጠፍር አልጋ ጥላውን ተከትሎ ግቢውን ይዞራል። አዴ ነፊሳ አንዱን ጫፍ፣ የተገኘ ሰው ሌላውን ይይዛል። ያ ዙር ነው ትምህርቴ የሆነው። ጠዋት አልጋዬ የሚያርፈው ከኩሽናው ጎን ነው። ግድግዳው ጭቃው እንዳይራገፍ ጋዜጣ ተለጥፎበታል። እሳቸው ጎመን እየከተፉ «ዛሬ እዚያ ማን ምን አለ?» ይሉኛል። እያነበብኩ እነግራቸዋለሁ። ግማሹ ጋዜጣ የተዘቀዘቀ ስለነበር አንገቴን አጣምሜ ነው የማነበው። አንዱ ዓረፍተ ነገር በር ላይ ሲደርስ ተቆርጧል። «ከዚያስ?» ይላሉ። «አልቋል።» «እንዴት ያልቃል? ጨርሺልኛ!» ስለዚህ ከራሴ እጨርሰዋለሁ። ሚኒስትር የሆነውን ሰውዬ ስንት ጊዜ እንደዳርኩት!

እኩለ ቀን ላይ ኒሙ ሥር ነን። የኒሙ አበባ ሽታ፣ ከጎረቤት ከሚጠበሰው ጣፋጭ፣ ከሙሽበክ ሽታ ጋር ተደባልቆ ይመጣል። እዚያ ቅልልቦሽ ነው። በአምስት ጠጠር መደመርና መቀነስ የተማርኩት አልጋ ላይ ተንጋልዬ ነው። እሳቸው ያጭበረብራሉ፤ ደርሼባቸው በቁጥር ካላስረዳሁ አይመልሱም። ከሰዓት በኋላ አልጋው ከውጭ በር አጠገብ ይደርሳል። የሚያልፈው ሁሉ በየቋንቋው «እግርሽ እንዴት ነው?» ይላል፤ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም፣ በአደርኛም መመለስ አለብኝ። ተሳስቼ ስመልስ የሚያርመኝ አላፊ አግዳሚው ነው። እንቅልፍ ከመጣብኝ እተኛለሁ። ደመና የሆነ ቀን ጥላ የለም፤ አልጋው አይነሳም፤ ያን ቀን ጋዜጣ ብቻ ነው። «አባቴ ሒሳብ ብሏል» ስላቸው፣ «ፀሐይ የአባትሽን ወረቀት ማንበብ አትችልም፤ እኔም አልችልም» ይላሉ፤ ያለ ምንም ሐፍረት።

ከሁሉ የከበደኝ አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። በፕሮግራሙ ላይ «ከአባት ጋር ጥያቄና መልስ» ይላል። አባቴ የሚያመሽበት ቀን ብዙ ነው። ደብተሬን ደረቴ ላይ ይዤ በሩን እያየሁ አለቅሳለሁ። አዴ ነፊሳ አንድ ሁለት ቀን አዩኝ። በሦስተኛው ቀን አልጋውን አዙረው ጀርባዬን ለበሩ ሰጡት። «በር የሚያይ ዓይን ፊደል አያይም። ከመጣ በትከሻሽ ይመጣል» አሉና ጠጠሮቹን በተኑልኝ።

በሁለት ወሩ መጨረሻ አባቴ ጓደኞቹን ይዞ መጣ። ጋዜጣ ሰጡኝ፤ ሳልደነቃቀፍ አነበብኩ። «አያችሁ? ፕሮግራም ማለት ይኼ ነው!» አለ። ለሦስት ጎረቤት በቀይና በሰማያዊ ጻፈላቸው። አዴ ነፊሳ ሻይ እያቀረቡ ዓይናቸውን ወደ እኔ ጣል አደረጉ። ያን ጊዜ ጥፋቱ ሁሉ የአባቴ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው እኔ ቁርጥ እሱን ሆኜ ነው ያደግሁት።

ይህን ሁሉ አስታውሼም ካርቶኑን አላወረድኩም። ማስታወስ ሌላ፣ ማድረግ ሌላ ነው። ካርቶኑን ያስወረደኝ ኢምራን ነው።

ካርቶኑ ላይ ጀማል በራሱ እጅ የሞላት አንዲት ሣጥን ነበረች። ዓርብ፣ አሥር ሰዓት፣ «ከአባ ጋር ታርጋ ማንበብ» ትላለች። ልጁን ይዞ መንገድ ዳር ቆሞ የመኪና ቁጥር እንደሚያስነብበው ነግሮት ነበር። እኔ ያቺን ሣጥን እንዳላየሁ አልፋት ነበር። አንድ ዓርብ ከዐሱር ሶላት ስነሳ ኢምራን ጫማውን አድርጎ፣ ፀጉሩን በውሃ አበጥሮ፣ ደፍ ላይ ተቀምጧል።

«ምን ትሠራለህ?»

«አሥር ሰዓት ሊሆን ነው።»

«ታዲያ?»

«ከአባ ጋር ነው የሚለው። በዚህ ሳምንት አንድም አላጠፋሁ፤ ፊደሉንም ቁጥሩንም ጨርሻለሁ። ፕሮግራም ፕሮግራም ነው ብለሽ የለ?»

አባቱ መሞቱን ነግሬዋለሁ፤ ጀናዛው ሲወጣ አይቷል። ግን በየቀኑ ግድግዳ ላይ የተጻፈ ሁሉ ይፈጸማል እያልኩ የጮህኩበት እኔ ነኝ። ለሳምንታት እያለቀሰ ፊደል የቆጠረው ያቺን ሣጥን ላለማጣት ኖሯል። እኔ ደግሞ ሰነፈብኝ ብዬ እቆጣዋለሁ።

አጠገቡ ደፉ ላይ ተቀመጥኩ። «ኢምራን፣ አባ አይመጣም። ካርቶኑን የጻፍነው ከመሞቱ በፊት ነው» አልኩት።

«ታዲያ ለምን አላጠፋሽውም?»

«አልቻልኩም።»

ትንሽ አሰበ። «እስክሪብቶ ስለሆነ ነው። በእርሳስ ብትጽፉት ይጠፋ ነበር» አለኝ፤ ሊያጽናናኝ። ከዚያ ጭኔ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ። የጀማል ቀብር ቀን እንኳን እንደዚያ አላለቀሰም። አመሻሽ ላይ የመግሪብ አዛን እስኪሰማ እዚያው ነበርን። ሐናን መጥታ ከመሃላችን ገባች፤ ምን እንደሆነ ሳይገባት እሷም አለቀሰች። ሲበቃን ገባንና ካርቶኑን አውርጄ ከጀማል ልብስ ጋር ሻንጣ ውስጥ አስቀመጥኩት። ቀዶ መጣል ከእኔ አይጠበቅም።

የእኛ ልጅነት ቀላል ነበር ማለቴ አይደለም። አልጋ የሚያነሳ ጎረቤት፣ በበር የሚያልፍ ሰው፣ ጊዜ ያለው ዘመድ ነበረን፤ አንድን ልጅ ግቢው ሙሉ ያስተምረው ነበር። እዚህ እኔ ብቻዬን ነኝ፤ አዴ ነፊሳም ካለፉ ቆይተዋል፤ ኤዶ ሆዳንም ከቀልዳቸው ጋር የራሳቸው ቤት አለባቸው። አሁንም እጮሃለሁ፤ አሁንም ውሃው በማይሆን ሰዓት ይመጣል፤ ሐናን «ለ»ን ጽፋ የፊደሉን እግሮች ወደ ላይ ታዞራቸዋለች፤ ትዕግሥቴ ከምሳ በፊት ያልቃል። ኢምራን ግን ሆዴን አመመኝ ማለት ትቷል።

ዒዳዬ አልቋል። ጠዋት ቁርስ ከበሉ በኋላ አንድ ነገር ብቻ አስተምራቸዋለሁ፤ የቀረውን ቀኑ እንዳመጣው። ዛሬ ልብስ አጥበን ስለነበር ካልሲ በጥንድ በጥንድ ቆጠርን። የነገውን ነገ ተነስቼ እወስናለሁ።