የእጮኛዬ ሰባት ቤት

ላገባ መሆኔን ለአባቴ የነገርኩት ኮሊንግዉድ ውስጥ በሚኖርባት የፎቅ ቤት፣ ምሳ በልተን ስንጨርስ ነበር። ሴቲቱ ፈረንጅ ናት አልኩት። የተወለደችው እዚሁ ሜልቦርን ነው፣ ያሳደጓት አያቷ ግን አሜሪካዊት ናቸው አልኩት። ቅር ይለዋል ብዬ ፊት ፊቱን አየሁት። አባቴ አፉን ጠርጎ ውኃ ጠጣና፣

"መልካም ነው። ሰባት ቤቷን ትቁጠርልኝ" አለ።

ሳቄ መጣ። "አባባ፣ ይቺ ልጅ ከኛ ጋር በምን በኩል ትዛመዳለች ብለህ ነው?"

"ትዛመዳለች መቼ አልኩ? አገር ቤት ቢሆን ኖሮ አባቷን አውቃለሁ፣ ደብሯን አውቃለሁ፣ ጎረቤቷን እጠይቃለሁ። እዚህ ማንን ልጠይቅ? የማን ልጅ እንደሆነች ራሷ ትንገረኛ።"

አባቴ ከአገሩ ሲወጣ በሱዳን በኩል በእግሩ ነው የወጣው። ይዞት የመጣው ዕቃ አልነበረም። ሜልቦርን ከገባን በኋላ ጡረታ እስኪወጣ ድረስ ዶሮ ፋብሪካ ሠራ፤ ጠዋት በጨለማ ወጥቶ ከሰዓት ይመለስና ጫማውን ሳያወልቅ ሶፋው ላይ ቁጭ ብሎ የአባቶቹን ስም ያስጠናኝ ነበር። እኔ በእንግሊዝኛ ስመልስለት እሱ በአማርኛ እየደገመ፣ ሰባቱን ሳላሳስት እስክጠራ አይለቀኝም ነበር። ስለዚህ ጥያቄው ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ያሳፈረኝ ለእጮኛዬ እንዴት እንደምነግራት ነው።

ከከተማው ዳር ታርኔት የሚባል ሰፈር የቤት ቦታ አይተን በባቡር ስንመለስ ነገርኳት። እሷ ግን አልተቀየመችም፤ እንደውም ክንዴን ያዘችና፣ "አያቴ ይህን ስትሰማ በደስታ ታብዳለች" አለችኝ። ለካ አያቷ ጡረታ ከወጡ ጀምሮ የሚሠሩት የዘራቸውን ሐረግ መፈለግ ነው። አሜሪካ ገና አዲስ አገር ሳለች ተራራ ተሻግረው ኦሃዮ ወንዝ ሸለቆ ውስጥ መጀመሪያ ከሰፈሩት ቤተሰቦች ከአንዱ ነው የሚወለዱት። ችግራቸው የሚሰማቸው ሰው ማጣት ነበር። ልጃቸው፣ ማለትም የእጮኛዬ እናት፣ ወሬው ሲጀመር ስልክ ትዘጋለች።

በመጀመሪያው ቅዳሜ አባቴን ከስሚዝ ስትሪት ትራም አሳፍሬ ኖርዝኮት አያቷ ቤት ወሰድኩት። ለቅዳሴ የሚለብሰውን ሙሉ ልብሱን ለብሶ፣ ብርቱካን በላስቲክ ይዞ። አያቷ ጓሮው ላይ ሎሚ ያለበት አሮጌ የእንጨት ቤት ውስጥ ነው የሚኖሩት። ቀጠን ያሉ፣ ረጅም፣ የጨዋታ ሰው ናቸው። በወጣትነታቸው አውስትራሊያዊ መሐንዲስ አግብተው መጥተው፣ ባላቸው ከሞቱ በኋላም እዚሁ ቀሩ።

አባቴ ከበሩ ጀምሮ "እትዬ" ይላቸዋል። እሳቸው ወደ እኔ ዞረው፣ "ስሜን ተሳስቶ ነው?" አሉኝ።

"አይደለም። ታላቅ ሴት በስሟ ብቻ አትጠራም።"

"እንግዲያው እኔስ እሱን ምን ልበለው?"

"ጋሼ ይበሉት።"

"ጋሼ" አሉ፤ አፋቸው ውስጥ እያዟዟሩ። አባቴ ሳቀ። ከዚያች ቀን በኋላ ሌላ ስም ተጠራርተው አያውቁም።

በእጮኛዬ አባት በኩል የሚታወቀው ጥቂት ስለነበር አባቴ "ያሳደጋትን ቤት ልወቅ፣ ይበቃኛል" ብሎ ተስማምቶ ነበር። አያቷ ከልጅ ልጃቸው ጀምረው በእናት በኩል ወደ ላይ መቁጠር ጀመሩ። እኔ አስተረጉማለሁ። ስሞቹን እዚህ አልጽፋቸውም፤ የባለቤቴ ዘመዶች ገንዘብ ናቸው። አስተማሪ የነበረች እናት፣ ላሞች እያለበች ልጆቿን ያሳደገች እናት፣ አሥራ አንድ ወልዳ አራቱን የቀበረች እናት። ስድስት ቤት ያለ ችግር ሄደ። ሰባተኛው ላይ በበሬ ጋሪ ተራራ ተሻግረው፣ ደን መንጥረው፣ የግንድ ቤት የሠሩት ባልና ሚስት ናቸው።

አባቴ እጁን አነሳ። "መሬቱ ባዶ ነበር?"

"ልጅ ሳለሁ ባዶ ነበር ይሉን ነበር" አሉ አያቷ። "አልነበረም። የሰው አገር ነበር። መንግሥት ባለቤቶቹን አስወጥቶ ነው ለሰፋሪዎቹ የሰጠው።"

ተረጎምኩለት። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። "ይህን ካልደበቁኝ ሌላውንም አምናቸዋለሁ በላቸው።"

ይሁን እንጂ ሰባተኛዋ ላይ አያቷ ቆሙ። የሰውየው መቃብር ይታወቃል፤ ከጎኑ ሚስቱ ተቀብራለች፤ ቤተሰቡ ሁሉ እናታችን ናት እያለ አበባ ሲያኖርላት ኖሯል። በኋላ አያቷ ዘመኑን ሲያመሳክሩት፣ ያቺ ሴት ሰውየውን ያገባችው ልጁ፣ ስድስተኛዋ እናት፣ ከተወለደች በኋላ ነው። የእንጀራ እናት ናት ማለት ነው። ታዲያ ተራራውን የተሻገረችው፣ ልጅቷን የወለደችው ማን ናት? የትም የለችም። በተገኘችበት ቦታ ሁሉ "ሚስቱ" ብቻ ነው የምትባለው።

አባቴ ተቆጣ። እውነተኛ ቁጣ። "እንዴት ነው የሰው እናት ስም የሚጠፋው?"

"ሴቶቹ ሲያገቡ ስማቸውን ትተው የባላቸውን ይይዛሉ፣ አባባ። ታውቅ የለም?"

"አውቃለሁ። እንዲህ የሚያደርግ መሆኑን ግን አላሰብኩትም። እናቴ እስክትሞት የአባቷን ስም እንደያዘች ነው የኖረችው። ይቺ ሴት ግን ስሟን ለሰው አስረክባ ከሞተች በምን ይፈልጓት?"

አያቷ ትርጉሙን ሰምተው ፈገግ አሉ። "የእርስዎንስ እናቶች ይቁጠሩልኝ ጋሼ።"

አባቴ ጉሮሮውን ጠራረገ። የእናቱን ስም ጠራ። የእናቱን እናት ጠራ። ከዚያ ሦስተኛ ጣቱን ያዘ። ወደ እኔ አየ፤ እኔ ከየት ላምጣለት? ያስጠናኝ ወንዶቹን ብቻ ነው። መጨረሻ ላይ በሁለት እጁ ጉልበቱን መታና እየሳቀ፣ "እኔስ ሦስተኛው ላይ ተሰበርኩ! እሳቸው ይሻላሉ" አለ።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ቅዳሜ ወደ ኖርዝኮት መሄድ ልማድ ሆነ። መጀመሪያ አስተርጓሚነቴ ግድ ነበር፤ እያደር ግን እኔ ሻይ ሳፈላ እነሱ በግማሽ እንግሊዝኛና በእጃቸው ሲግባቡ አገኛቸው ጀመር። ሰርጉ ይዘገይብናል ብዬ ስነጫነጭ እጮኛዬ "ተዋቸው፣ ደስ ብሏቸዋል" ትለኛለች።

በክረምቱ መሃል ኦሃዮ ያለ የአያቷ የአጎት ልጅ፣ ጡረታ የወጣ ገበሬ፣ የሰውየውን መቃብር በቪዲዮ ሊያሳየን ቀጠረን። እኛ ጋ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው፤ ብርድ ነው፣ ማሞቂያው በርቷል። እሱ ጋ ያለፈው ቀን ገና አልመሸም፤ ፀሐይ ነው፣ ላብ በላብ ሆኗል። አራታችን ታብሌቷን ከበብናት። ሰውየው የመቃብሩን ድንጋይ በውኃና በብሩሽ አጥቦ አሳየን። ያው የሚታወቀው ነው፤ ባልየውና ሁለተኛዋ ሚስት። አዲስ ነገር አልነበረም።

"ዙሪያውን ያሳየን እስቲ" አለ አባቴ። የገበሬ ልጅ ነው፤ ከመቃብሩ ይልቅ ማሳው ነበር ያጓጓው። ስልኩ ቀስ ብሎ ዞረ። አባቴ "በቆሎ ነው! እንዴት ያለ በቆሎ!" አለ። ከበቆሎው ወዲያ ጅረት አለ፤ ከጅረቱ ማዶ ጉብታ ላይ አንድ ትልቅ ዛፍ፣ ከሥሩ ነጫጭ ነገሮች።

"ያ ምንድን ነው?" አሉ አያቷ።

"እሱ የኛ አይደለም" አለ ገበሬው። "የሌላ ቤተሰብ መቃብር ነው። ቀድመው ሰፍረው የነበሩ። ዘራቸው አልቋል፤ ማንም አይሄድበትም።"

አያቷ ወንበራቸውን ወደ ፊት ሳቡ። "ትሻገርልኛለህ?"

ሰውየው አጉረመረመ፤ ግን ጫማውን አውልቆ ገባበት። ለጥቂት ጊዜ የምናየው ሰማይና ውኃ ብቻ ነበር፤ እጮኛዬ "እንዳይወድቅ" እያለች ጣቷን ትነክሳለች። ማዶ ወጣ። ድንጋዮቹ ጥቂት ናቸው፤ የቆሙትን አነበበልን፣ የማናውቀው ስም ነው። አንዱ ግን በፊቱ ተደፍቶ ሣር በልቶታል። ሊያነሳው ሞከረ፤ አልቻለም። "ሳምንት ልጄንና መፈንቀያ ብረት ይዤ እመለሳለሁ" ብሎ ዘጋ።

ያ ሳምንት ረጅም ነበር። አባቴ በየቀኑ ደውሎ "ተነሣ?" ይለኛል። ሰውየው ግልግል ብሎ ይተወዋል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ አልተወውም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጠዋት ድንጋዩ ቀና ብሎ ጠበቀን። መሬት ላይ ተደፍቶ ስለኖረ ዝናብም ፀሐይም አልነካውም፤ ፊደሉ ትናንት የተቀረጸ ይመስላል። ገበሬው መነጽሩን አድርጎ አነበበ። መጀመሪያ የራሷ ስም። ከሥሩ "የእገሌ ሚስት"፤ የኛው ሰውዬ ነው። ከሥሩ ደግሞ "የእገሌና የእገሊት ልጅ"። አባትና እናቷ ከጎኗ ተኝተዋል። ለካ በወጣትነቷ ስትሞት ወላጆቿ ወስደው ከራሳቸው ዘንድ ቀብረዋታል፤ ባልየው ሌላ ሲያገባ ትንሿ ልጅ ከጅረቱ ወዲህ አባቷ ጋ አደገች። ተራራውንም የተሻገረችው ከሚስትነት በፊት ነው፤ ሴት ልጅ ሆና፣ በእናትና በአባቷ ጋሪ።

አያቷ ስሟን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ጠሩት። ደግመው ጠሩት። ከዚያ አለቀሱ፤ ግን የደስታ ለቅሶ ነው፣ እየሳቁ አፍንጫቸውን ይጠርጋሉ። እጮኛዬ አቀፈቻቸው። አባቴ ከመቀመጫው ተነሥቶ ቆሞ ነበር። እኔም ሳላውቀው ተነሥቻለሁ።

"ከጅረቱ ወዲህና ወዲያ" አሉ አያቷ። "ይህን ሁሉ ዓመት።"

"እትዬ" አለ አባቴ በራሱ እንግሊዝኛ፣ "አሁን ስምንት ቤት። ከኔ በለጡ።"

የሚገርመው እሱም ዝም አላለም። በሳምንቱ ጎጃም ላለችው ታላቅ እህቱ ደወለ። እኔ አጠገቡ ነበርኩ። አክስቴ መጀመሪያ "አሁን በስተርጅና እናት ፍለጋ ምን አመጣው?" ብላ ሳቀችበት፤ ከዚያ ግን ሦስተኛዋንም አራተኛዋንም ነገረችው። አራተኛዋ የጎጃም ሰው አልነበረችም፤ በክፉ ዘመን እናቷ በጀርባዋ አዝላ ከወሎ ያመጣቻት ናት። አባቴ ይህን በሕይወቱ ሰምቶት አያውቅም። ስልኩን ዘጋና፣ "እኛም መጤ ነን ለካ" አለ። ሲናገረው ቅር ያለው አይመስልም ነበር።

ሽማግሌ የተላከው በጸደይ ነው። ሦስት አባቶች ጋቢ ለብሰው ኖርዝኮት ገቡ፤ አያቷም በሥርዓቱ መሠረት መጀመሪያ "እናስብበታለን" ብለው መለሷቸው፤ አባቴ ነው ያስጠናቸው። በሁለተኛው ፈቀዱ። የሰርጉ ቀን አባቴ ማይክሮፎን ይዞ የሙሽራዋን እናቶች እስከ ስምንት ቤት ጠራ፤ የፈረንጁን ስም ሁሉ እንደሚመቸው እያጠፈ። ቀጥለው አያቷ ተነሡና የእሱን እናቶች ጠሩ። አራተኛዋ ጋ ሲደርሱ "ከወሎ" ብለው ሲጨምሩ አዳራሹ በእልልታ ተናጋ።

ዛሬ የምንኖረው ታርኔት ነው። ሥራ ከተማ መሃል ስለሆነ መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ጓሮ አለን፣ ከሚስቴ ጋር በባቡር ውስጥ የምናወራው አናጣም። ሁለቱ አዛውንቶች አሁን የአያቷን ባል ወገን መቁጠር ይዘዋል፤ እሱ ደግሞ ስኮትላንድ ይወስዳል አሉ። ባለፈው እሁድ ለምሳ ጠብቀናቸው ቀሩ። ሚስቴ ደወለች፤ የባልየውን አያት ፍለጋ ባላራት የሚባል ከተማ ሄደው መካነ መቃብር ውስጥ ናቸው፤ አባቴ ካርታውን ይዟል፣ አያቷ ይነዳሉ፣ ሁለቱም መንገዱ ጠፍቷቸዋል።

"እንመጣለን፣ አትጠብቁን" አሉ። እኛም ምሳችንን በላን።