የቃሬዛው ራስጌ

አደጋው የታየኝ ልጄ ሠናይት የወታደር ልብስ ለብሳ ቃሬዛውን ስታነሳ ነው። ከቤቴል ወዲያ ባለው ሜዳ ላይ ፊልም ይሠራ ነበር። ምሽጉ ለይስሙላ የተቆፈረ፣ ቁስለኛው ተዋናይ፣ ባሩዱም የፊልም እንደሆነ ነግረውኛል። አውቃለሁ። ግን የመጀመሪያው ሲፈነዳ የእውነት መሰለኝ። ጭሱ ልጄን ዋጣት።

ልጮህ ቃጣኝ። መጮህ ግን አልችልም። ዳይሬክተሩ፣ ገና ልጅ እግር ነው፣ አስቀድሞ ለምኖኛል። «ማዘር፣ ባሩዱ የሚበቃን ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው። ድምፅ ከገባበት ይሄ ክፍል ይቀራል» ብሎኛል። ከቀረ ደግሞ የሚቀረው የጦር ሜዳ ጓደኛዬ የጫልቱ ታሪክ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊልሙ የድሮ ወታደሮችን የሚያሳይ ነው። መጀመሪያ ሲጻፍ ወታደሩ ሁሉ ወንድ፣ ንግግሩም ሁሉ የአዲስ አበባ አማርኛ ነበር። ሴቷ ቤት ቁጭ ብላ ታለቅሳለች። ሠናይት ያቺን አልቃሽ እንድትሆን ተመረጠች። እሷ ግን እናቴ እኮ ግንባር ላይ ቁስለኛ ታነሳ ነበር ብላ ዳይሬክተሩን ኮልፌ፣ ቤታችን ድረስ አመጣችው። እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሰው ነኝ፤ ለፊልም ሰው ምን እንደሚነገር አላውቅም። ያየሁትን ነገርኩት። ለእናንተም የምጽፈው ያንኑ ነው።

እኛ ቁስለኛ አንሺዎች ነበርን። እኔ የኮልፌ ጉራጌ፣ ጫልቱ ከአምቦ፣ ገብሬ ከጎጃም፣ ዘለቀ ከጎፋ። ለአራት አንድ ቃሬዛ። አንድ ልማድ ነበረን። ሰው ክፉኛ ሲቆስል አማርኛው ይጠፋበታል፤ እናቱን የሚጠራው በእናቱ ቋንቋ ነው። ስለዚህ ቋንቋውን የሚያውቅ በራስጌ በኩል ይይዝና እንዳያሸልብ መንገዱን ሙሉ ያዋራዋል። ገብሬ «እኔ ከአማርኛ ሌላ የለኝ፤ የተመታሁ ቀን ራስጌዬን ማን ሊይዝ ነው?» ይላል። ጫልቱ ትመልስለታለች፤ «አንተማ አፍህ መች ይዘጋል፣ ራስህ ለራስህ ታወራለህ።»

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ወደ አንድ ጉብታ ታዘዝን። የጫልቱ አገር ልጅ ሆዱን ተመቷል። አነሳነው። ጫልቱ ራስጌ ያዘች። «ጀባዱ» ትለዋለች፤ በርታ፣ አይዞህ ማለት ነው። ቁልቁለቱን ስንጀምር የመድፍ ጥይት አጠገባችን ወደቀ። ቀና ስል ጫልቱ ተደፍታለች። ገብሬም። እኔና ዘለቀ ቀረን። ለለቅሶ ጊዜ አልነበረም። የልጁ ዓይን ሲከደን አየሁ፤ ራስጌውን ያዝኩ። ኦሮምኛ ከጎረቤት የለቃቀምኳትን ታህል እንጂ አላውቅም። ጫልቱ ስትል የሰማሁትን ብቻ ደጋገምኩለት፣ ሕክምናው ድንኳን እስክንደርስ። ልጁ ተረፈ።

ዳይሬክተሩ የነገርኩትን ሁሉ ጻፈ። ቋንቋ ሲበዛ ተመልካቹ ይደናገራል ብሎም ፈራ። «እኛም እንደናገር ነበር የኔ ልጅ፣ ግን ተሸካክመናል» አልኩት። ጽሑፉን አስተካከለ። ጫልቱን የምትሆን፣ በኦሮምኛ አፏን የፈታች ልጅ ከቡራዩ ተገኘች። ሠናይት እኔን ሆነች።

እና ያን ቀን ሜዳው ዳር ነጠላዬን ነክሼ ዝም አልኩ። ሁለተኛው ፈነዳ። ጫልቱን የሆነችው ልጅ ወደቀች። ጭሱ እንደገና ከደናቸው። ዓይኔ ልጄን ሲፈልግ ጆሮዬ ቀደመ፤ «ጀባዱ፣ ጀባዱ» ትላለች። ራስጌውን ይዛ ከጭሱ ወጣች። ዳይሬክተሩ «በቃ፣ ተቀርጿል» አለ። የወደቀችው ልጅ ብድግ ብላ ሱሪዋን አራገፈች። እንባዬ የመጣው ያኔ ነው። የኛዋ አልተነሳችም።

ጫልቱና ገብሬ ጉብታው ላይ ቀሩ። ዘለቀ በኋላ በሌላ ጉብታ። ከአራታችን ያለሁት እኔ ነኝ። ጦርነት ደግ ነገር አለው አልልም። ልጆቻችን በፊልም ካዩት አይቀር ግን ማን ማንን እንደተሸከመ ይዩ።

ሲመሽ በታክሲ ወደ ሰፈራችን፣ ወደ 18 ማዞሪያ ሄድን። ሠናይት የቀለሙን ደም ከፊቷ በደንብ አላጠበችም ነበርና ረዳቱ ደነገጠ፤ «እህቴ፣ ጤና ጣቢያ ላውርድሽ?» ሲላት ታክሲው ሁሉ ዞሮ አያት። እየሳቅን ወረድን። ቤት ገብተን በሩን ዘጋሁ። ልጄ አጠገቤ ናት። ደህና ነን።