አልተነፍስም ብዬ የማልኩ ዕለት

ልጄ ሳሎን ውስጥ ምንጣፍ አንጥፋ፣ ዓይኗን ጨፍና በረጅሙ ስትተነፍስ ሰማኋት። «ዮጋ ነው እማ፣ ጭንቀት ያወጣል» አለችኝ። ምድጃውን ማጥፋቴን ለሦስተኛ ጊዜ ላረጋግጥ እየሄድኩ ነበር። ያ የትንፋሽ ድምፅ ባለሁበት አቆመኝ።

ያኔ ልጅ ሳለሁ፣ እዚሁ ልደታ፣ የቀበሌ ቤቶቹ ሳይፈርሱ ነው። የስምንተኛ ክፍል ሚኒስትሪ ልፈተን አንድ ወር ሲቀረኝ እንቅልፍ አጣሁ። የጥያቄ ወረቀት ሳይ የማውቀው ሁሉ ይጠፋኛል። ጓሯችን ያለችውን ክፍል የተከራየች የነርስ ተማሪ ነበረች። አይታኝ አዘነችልኝ። አመሻሽ ላይ፣ ፀሐይዋ በቆርቆሮው አጥር ቀዳዳ ስትገባ፣ በርበሬ የሚሰጣበትን ማዳበሪያ አራግፈን እንቀመጥበታለን። ሽታው አፍንጫ ይሰነፍጣል። ወገቤን አቅንቼ አየሩን ቀስ ብዬ እንድስብ፣ ከዚያም ይበልጥ ቀስ ብዬ እንድለቅ አሳየችኝ። ስቸኩል፣ «ቀስ በይ እንጂ፣ ፈተናው እግር የለው፣ አያባርርሽም» ትለኛለች። ምን ልበል፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፌ ተመለሰ።

አንድ ቀን እናቴ ሽንኩርት ከምትሸጥበት ጉልት ቀደም ብላ ተመለሰች። ሁለታችንም ዓይናችንን ጨፍነን፣ መዳፋችንን ደረታችን ላይ ገጥመን አገኘችን። ተከራይዋ ስለ ጭንቀት ልታስረዳት ሞከረች። እናቴ ግን ባዕድ አምልኮ ነው ብላ ቆርጣለች።

«ልጄ ስትወለድ ተንፍሳ ነው የወጣችው። አንቺ ነሽ ትንፋሽ የምታስተምሪያት?»

ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ሁለተኛ እንዲህ አልተነፍስም፣ እናቴ ትሙት በዪ።»

አልኩ። ተከራይዋም በሳምንቱ ዕቃዋን ጭና ሄደች።

የፈተናው ቀን ወረቀቱ ሲታደል ላብ አጠመቀኝ፤ ፊደሎቹ ተደበላለቁብኝ። ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቅ ነበር። ወገቤን አቀናሁ፣ አየሩን መሳብ ጀመርኩ። ወዲያው መሐላዬ ትዝ አለኝ። እናቴ ሽንኩርቷ ላይ በግንባሯ ስትደፋ ታየችኝ። አየሩን ግማሽ ላይ ገታሁት። ደወሉ እስኪደወል ድረስ ትንፋሼን ቁርጥ ቁርጥ እያደረግሁ፣ ባዶ ወረቀቴ ላይ አፍጥጬ ተቀመጥኩ።

ወደቅሁ። ድጋሚ ልፈተን ብል እናቴ ይበቃሻል ብላ ጉልት አጠገቧ አስቀመጠችኝ።

እናቴ ዛሬም አለች፣ ተመስገን። ልጄ ለምን ትምህርቴን እንዳቋረጥኩ ስትጠይቃት፣ «እናትሽ ፈሪ ነበረች፣ ፈተና አይሆንላትም» ትላታለች። እኔም አጠገባቸው ሆኜ እሰማለሁ። የወደቅሁት እሷ እንዳትሞትብኝ ብዬ መሆኑን ለእናቴ እስካሁን አልነገርኳትም።