አርባ አንደኛው ምንጭ

ሞኝነቴን ተናዝዤ ልጀምር። ሃያ ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬያለሁ። «ንጹሕ ውሃ ቀለም የለውም፣ ሽታ የለውም» እያልኩ ለስንቱ ተማሪ አስጽፌ፣ እኔው ገልብጬ አመንኩት፤ ቀለምና ሽታ ከሌለው ንጹሕ ነው ብዬ።

ቧንቧችን የሚመጣው በፈረቃ ነው። ግቢዬ ውስጥ ጉድጓድ ሳስቆፍር መስታወት የመሰለ ውሃ ወጣ። አርባ ምንጭ ያደገ ሰው ደግሞ ከመሬት የወጣ ውሃ አይጠረጥርም። «አርባ አንደኛው ምንጭ» ብዬ ስም አወጣሁለት፤ ለሰፈሩም ፈቀድኩ። ጎረቤቴ እትዬ አማረች ጠዋት ጀሪካናቸውን ይዘው ሲመጡ «ጨንቻ ደጋው ላይ እንኳ እንዲህ ያለ ውሃ የለም!» እያልኩ መንገደኛው እስኪሰማ እጮህ ነበር። ከበላያችን ዳገቱ ላይ መኪኖች የፋብሪካ ዝቃጭና አሮጌ ባትሪ እንደሚደፉ አውቃለሁ። ሽታው ሲመጣ መስኮት እዘጋለሁ። መስኮት!

መጀመሪያ አፌ ሳንቲም ሳንቲም አለኝ። የጫሞ ሐይቅን አሳ ወቀስኩ። ከዚያ ሆዴ ይቆርጠኝ ጀመር፤ ሰገራ ለአምስት ቀን እምቢ አለኝ። ጨጓራ ነው ተባልኩ፤ ቀጥሎ ታይፎይድ። ኪኒኑን በምን አወራረድኩት? በዚያው ውሃ። «ፈሳሽ አብዛ» ስለተባልኩማ በጆግ ነው የጠጣሁት።

አንድ ቀን ክፍል ውስጥ ጠመኔው ከእጄ ወደቀ። አነሳሁት። ወደቀ። ተማሪዎቹ ሳቁ፤ ቀልዴን ለምደውታል። እጄን ከአንጓው ቀና ላደርግ ሞከርኩ። አልታዘዘኝም። ቀልድ አልነበረም።

ሆስፒታል ያየኝ ወጣት ሐኪም ድዴን ገልጦ ጠርዙ ላይ ያለውን ጠቆር ያለ መስመር ተመለከተና ጠየቀኝ።

«ጋሼ፣ የሚጠጡት ውሃ ከየት ነው?»

«ከአርባ አንደኛው ምንጭ።»

አልሳቀም። የደሜና የውሃው ናሙና አዲስ አበባ ተላከ። ውጤቱ ሲመጣ በሩን ዘጋ።

«ሊድ ነው፤ እርሳስ የምንለው ብረት። ውሃውም ውስጥ አለ፣ ደምዎም ውስጥ። ነርቭዎን ነክቷል፤ ኩላሊትዎንም ጀምሮታል።»

«አፍልቼ ብጠጣስ?»

«ማፍላት የሚገድለው ጀርም ነው። ሊድን አያወጣም።» ካርዴ ላይ ጻፈና ቀና አለ። «ሌላ ማን ይጠጣዋል? ነፍሰ ጡር አለች?»

የእትዬ አማረች ልጅ ምሕረት የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ነበረች። ሆዴን ረሳሁት።

በዚያኑ ቀን ባለቤቴ ጉድጓዱን ቆለፈች፤ ለእናትና ልጅም እውነቱን ነገረች። የምሕረትም ደም ውስጥ ተገኘ፤ ከእኔ ያነሰ፣ ግን ተገኘ። ለቀረው ሰፈርተኛ ምን አልኩ? «ፓምፑ ተበላሽቷል።» አፈርኩ። እታች ሰፈር ደግሞ ከዚያው ዳገት ሥር ሌሎች ጉድጓዶች ነበሩ፤ የሚጠጡት ሰዎች ምንም አያውቁም።

ሊዱን ከደም የሚያወጣ የኬሌሽን መድኃኒት በግሉኮስ እየተሰጠኝ ሳምንታት ተኛሁ፤ ባለቤቴ የሸሚዜን ቁልፍ እየቆለፈች፣ እኔም የጎማ ኳስ ጨምቄ ስለቅ ቀስ በቀስ እጄ ተመለሰልኝና ዛሬ ጠመኔ እይዛለሁ፤ ጽሑፌ ግን ድሮም አይነበብም ነበር። የምሕረት ልጅ ተወልዳለች፤ ሐኪሞቹ እድገቷን አሁንም ይከታተላሉ። ስታስነጥስ እንኳ ልቤ ይደነግጣል።

ስለ ውሃ የጠየቀኝን ያን ሐኪም እግዚአብሔር ይባርከው። እናንተም ሆዳችሁ በመድኃኒት አልድን ካለ፣ ሳትጠየቁ ውሃችሁ ከየት እንደሆነ ተናገሩ። ከቆሻሻ መድፊያ በታች ያለ ጉድጓድ ቢጠራም እንደ ሊድ ያለ መርዛማ ብረት እንዳይኖርበት በላቦራቶሪ ይመርመር።

ከሆስፒታል እንደወጣሁ፣ እንደ አባቶቻችን እርጥብ ሳር ይዤ እትዬ አማረች በር ቆምኩ። ጎረቤት እንዳይሰማ ድምፄን ዝቅ አድርጌ «ማሩኝ» አልኳቸው። ሳሩን ተቀበሉኝ። ከዚያ ወደ መንገዱ እያዩ እንዲህ አሉኝ፦

«ውሃውን ስታሞግሰው ሰፈር ሙሉ ሰምቷል። መርዝ ነው ስትል ነው ድምፅህ የጠፋው?»